የቤዝ ኦቨርድራይቭ ፔዳልን ከፍቶ ማሻሻል፦ ታችኛው ድምፅ ሳይጠፋ

ቤዝ የሚጫወት ሰው ይህን ችግር ሳይነግሩት ያውቀዋል። ኦቨርድራይቩን፣ ማለትም ድምፁን አጉልቶ የሚያሻክረውን በእግር የሚረገጥ ሳጥን፣ ብቻውን ሆኖ ሲሞክረው ድምፁ ያገሳል፣ ደስ ይላል። ድራሙና ጊታሩ ሲጨመሩ ግን ፔዳሉን በረገጠ ቁጥር የዘፈኑ መሠረት ይከዳዋል። ጫጫታው አለ፣ ክብደቱ የለም። ያኔ ብዙዎቻችን አምፑ ላይ ቤዙን እንጨምራለን፤ እሱ ደግሞ ፔዳሉ ሲጠፋ ክፍሉን ያንቀጠቅጠዋል።

ችግሩ ያለው ፔዳሉ ውስጥ ነው፤ መፍትሔውም እዚያው ነው። ለቤዝ ተብለው ከሚሸጡት ኦቨርድራይቮች በርከት ያሉት የጊታር ሰርኪት አንድ ሁለት ቦታ ተነካክቶ የወጡ ናቸው። የጊታር ዝቅተኛ ክር 82 ሄርዝ ላይ ይርገበገባል። ባለ 4 ክር ቤዝ 41፣ ባለ 5 ክር ደግሞ 31 ሄርዝ ድረስ ይወርዳል። ለአንዱ የተለካ ልብስ ለሌላው አይሆንም።

ከወዲሁ አንድ ነገር ልበል። መፍትሔው ታችኛውን ድምፅ በሙሉ ድራይቭ ውስጥ መክተት አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ወፍራም ኖት ዳዮዶቹ (የሞገዱን ጫፍ እየቆረጡ ድምፁን የሚያሻክሩት ዕቃዎች) ጋ ሲደርስ ሞገዱ ትልቅ ስለሆነ ብቻውን እስከ መቆረጫው ይደርሳል። በላዩ ተሳፍሮ የመጣው ደቃቅ ድምፅ አብሮ ይቆረጣል፣ ኖቶቹም እርስ በርሳቸው የማይለዩ ጭቃ ይሆናሉ። የምንፈልገው መሃሉ የተቧጨረ፣ ታቹ ግን ንጹሕ የሆነ ድምፅ ነው። ከዚህ በታች የምዘረዝረው ሥራ ሁሉ ወደዚያ የሚወስድ ነው።

ፔዳላችሁ ለዚህ ሥራ ይሆናል ወይ?

መመሪያው የሚሠራው ባለ 8 እግር ኦፕ አምፕ አይሲ (ማጉያዎችን በውስጡ የያዘ ትንሽ ቁራጭ) ላላቸውና ዳዮዶቻቸው ከአይሲው መውጫ ወደ መግቢያው በሚመለሰው መንገድ ላይ ለተቀመጡ ፔዳሎች ነው። የዚህ ቤተሰብ ታዋቂ አባት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ የወጣው ኢባኔዝ ቲዩብ ስክሪመር ነው፤ ከእሱ የተቀዳው ፔዳል ብዛት ተቆጥሮ አያልቅም። እዚህ የምጠቅሳቸው መጠኖች የእሱ ናቸው። የእናንተ ትንሽ ሊለይ ይችላል፤ ስሌቱ ግን ያው ነው።

ክዳኑን ፈትታችሁ ቦርዱን ተመልከቱ። ሬዚስተርና ካፓሲተሮቹ ሽቦ እግር ያላቸው፣ በቀዳዳ አልፈው ከሥር የተበየዱ ከሆኑ መልካም። እግር የሌላቸው፣ ቦርዱ ላይ የተለጠፉ ደቃቃ ነገሮች ከሆኑ ግን ለመጀመሪያ ሥራችሁ ይህን ፔዳል አትምረጡ። መሥራት ይቻላል፣ ነገር ግን የተለማመደ እጅና ማጉያ መነጽር ይጠይቃል። አሮጌና ብርቅ የሆነ ፔዳልም እንዲሁ መልሳችሁ ክዳኑን ግጠሙለት፤ እንዳለ ሆኖ ይበልጥ ይከበራል። ዋስትናው ያላለቀ አዲስ ፔዳልም ሲነካ ዋስትናውን ሊያጣ እንደሚችል አትርሱ።

ዕቃ ማዘጋጀት

ጫፉ ቀጭን የሆነ የሶልደር ብረት ያስፈልጋል። ሙቀቱ የሚስተካከል ከሆነ 350 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ላይ አድርጉት፤ የማይስተካከል ከሆነ ከ25 እስከ 40 ዋት ያለው ይበቃል። ሶልደሩ 0.8 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ የቀጠነ፣ ለኤሌክትሮኒክስ የተሠራ ይሁን። ለቧንቧ የሚሸጠው ቦርዱን ይበላዋል። የቀለጠ ሶልደር የሚመጥ ፓምፕ፣ ካቻቢቴ፣ ትንሽ መቁረጫ ፒንሳ፣ ቴስተር፣ ጥቂት ቀጭን ሽቦና ናስትሮ ጨምሩ።

ከኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የሚያስፈልገው ጥቂት ነው። 100፣ 180 እና 330 ናኖ ፋራድ የፊልም ካፓሲተሮች፣ አንድ የ1 ማይክሮ ፋራድ ፊልም ካፓሲተር፣ ሁለት ባለ 51 ፒኮ ፋራድ ሴራሚክ፣ አንድ ባለ 12 ኪሎ ኦም ሬዚስተር፣ ጥቂት ቀይ ኤልኢዲዎችና 1ኤን4148 ዳዮዶች፣ አንድ ባለ 100 ኪሎ ኦም ሊኒየር ፖት (በእጅ የሚዞር፣ መጠኑ በእኩል የሚለወጥ ሬዚስተር)። ካፓሲተር ላይ የሚጻፈው ኮድ ሰውን ግራ ያጋባል፦ 104 ማለት 100 ናኖ፣ 184 ማለት 180 ናኖ፣ 473 ማለት 47 ናኖ ፋራድ ነው። የመጨረሻው አኃዝ የዜሮ ብዛት ሲሆን ውጤቱ በፒኮ ፋራድ ይነበባል።

ፔዳሉ በ9 ቮልት ስለሚሠራ የመብራት አደጋ የለውም። ቢሆንም ብረቱን ከማስጠጋታችሁ በፊት ባትሪውንም አዳፕተሩንም ንቀሉ። መስኮት ክፈቱ፤ የሶልደሩ ጭስ ለሳንባ አይበጅም። እርሳስ ያለበት ሶልደር ከሆነ ደግሞ ሥራው ሲያልቅ እጅ መታጠብ ግድ ነው።

ከመንካት በፊት፦ መቅዳትና ፎቶ ማንሳት

ይህን ደረጃ የሚዘሉት ሰዎች ከሳምንት በኋላ "በፊት ይሻል ነበር መሰለኝ" ሲሉ የምንሰማቸው ናቸው። አንድ አጭር ሐረግ ምረጡ፤ ዝቅተኛው ክር ላይ የሚጀምርና ከፍ ብሎ የሚጨርስ ይሁን። ፔዳሉ ጠፍቶም በርቶም ቅዱት፣ የማዞሪያዎቹን አቀማመጥ ጻፉ። ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላ ያንኑ ሐረግ ትቀዳላችሁ። ስታወዳድሩ የሁለቱን ቅጂ ጉልበት እኩል አድርጉ፤ ጆሮ ጮክ ያለውን ሁልጊዜ የተሻለ ነው ብሎ ይፈርዳልና።

ቦርዱን ከላይም ከሥርም ፎቶ አንሱት፤ የሽቦዎቹ ቀለምና የሚገቡበት ቦታ በግልጽ ይታይ።

ቦርዱ ላይ መንገድ ማወቅ

ባለ 8 እግሩን አይሲ ፈልጉ። 4558፣ 072 ወይም 5532 የሚል ቁጥር ሊኖረው ይችላል። ጎድጓዷ ወይም ነጥቧ ወደ ላይ እንድትሆን ያዙት። ከግራ ላይኛው 1 ብላችሁ ወደ ታች እስከ 4፣ ከዚያ በቀኝ በኩል ከታች 5 ብላችሁ ወደ ላይ እስከ 8 ቁጠሩ። 8ኛው እግር 9 ቮልት የሚገባበት ነው፣ 4ኛው መሬት (የሰርኪቱ ዜሮ ቮልት) ነው። በውስጡ ሁለት ማጉያዎች አሉ። የአንደኛው መውጫ 1፣ ተገልባጭ መግቢያው 2 ሲሆን የሌላኛው መውጫ 7፣ ተገልባጭ መግቢያው 6 ነው።

አሁን ትናንሾቹን የብርጭቆ ዳዮዶች ፈልጉ። ሁለት ሆነው ጀርባ ለጀርባ የተገጠሙ ናቸው። ቴስተሩን ቢፕ የሚልበት ላይ አድርጋችሁ ከ1ና 2 ጋር ወይም ከ7ና 6 ጋር መያያዛቸውን አረጋግጡ። የተያያዙበት ማጉያ ድራይቩን የሚያመጣው ነው። ከእሱ ተገልባጭ መግቢያ ተነስታችሁ ስትከተሉ ባለ 4.7 ኪሎ ኦም ሬዚስተርና ባለ 47 ናኖ ፋራድ ካፓሲተር ተከታትለው ወደ መሬት ሲሄዱ ታገኛላችሁ። ሬዚስተሩ ቢጫ፣ ሐምራዊና ቀይ ቀለበት አለው። የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

ዋናው ለውጥ፦ 47 ናኖ ፋራዱ

እነዚህ ሁለት ዕቃዎች አንድ ላይ ሆነው ማጉላቱ ከየት እንደሚጀምር ይወስናሉ። 4.7 ኪሎ ኦምና 47 ናኖ ፋራድ ሲጣመሩ ድንበሩ 720 ሄርዝ ላይ ያርፋል። ከዚያ በላይ ያለው ድምፅ በደንብ ይጎላል፤ ከዚያ በታች ያለው እየወረደ ሲሄድ ማጉላቱም አብሮ ይቀንሳል።

ፔዳሉ ታችኛውን ድምፅ "ይቆርጠዋል" የሚባለው በትክክል እንዳልሆነ ልብ በሉ። አይቆርጠውም፤ ሳያጎላ ነው የሚያሳልፈው። የድራይቭ ማዞሪያው ዝቅ ሲል ይህ ማጉያ ከፍተኛውን ድምፅ 12 እጥፍ ገደማ ያሳድገዋል። 41 ሄርዙን ግን 1.2 እጥፍ ብቻ ነው የሚያሳድገው፤ ማለትም እንዳለ ይተወዋል። ከዚያ በኋላ ሌቭሉን (የመውጫውን ጉልበት ማዞሪያ) ከንጹሑ ድምፅ ጋር ለማስተካከል ዝቅ ስታደርጉት ሁለቱም አብረው ይወርዳሉ። ያልተጎላው ታችኛው ድምፅ ነው ከሜዳ የሚወጣው። ባንድ ውስጥ ወለሉ የሚከዳው በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ድንበሩን ወደ ታች እንግፋው። ካፓሲተሩ ሲያድግ ድንበሩ ይወርዳል። 100 ናኖ ፋራድ 340 ሄርዝ አካባቢ ያደርሰዋል፣ 220 ናኖ ፋራድ 154 ሄርዝ፣ 330 ናኖ ፋራድ 103 ሄርዝ፣ 470 ናኖ ፋራድ 72 ሄርዝ። የእኔ ምርጫ 220 አካባቢ ነው። 41 ሄርዙ ከ1.2 ወደ 3.2 እጥፍ ያድጋል፣ ግን አሁንም ከመሃሉ ያነሰ ስለሆነ ዳዮዶቹን አያፍናቸውም። በፕሌክትረም የሚጫወትና ጠንከር ያለ ሮክ የሚወድ 100 ሊበቃው ይችላል። 470ና ከዚያ በላይ ያለውን ሞክሬዋለሁ። ብቻውን ሲሰማ ግዙፍ ነው፤ ፈጣን ሐረግ ሲመጣ ግን ኖቶቹ ተጣብቀው ይቀራሉ።

ሥራው ራሱ ቀላል ነው፣ ምክንያቱም አሮጌውን መንቀል አያስፈልግም። ካፓሲተሮች ጎን ለጎን ሲገጠሙ መጠናቸው ይደመራል። ስለዚህ ባለ 180 ናኖ ፋራዱን ከቦርዱ ሥር፣ የነባሩ 47 ሁለት እግሮች በተበየዱበት ቦታ በይዱት። ድምሩ 227 ይሆናል፣ ይበቃል። ስትበይዱ መጀመሪያ ብረቱን እግሩና መዳቡ ላይ አሳርፉ፤ ሁለት ሰከንድ ያህል ይሙቁ፤ ከዚያ ሶልደሩን ወደ ብረቱ ሳይሆን ወደ መገናኛው አስጠጉ። ፈስሶ ሲያብረቀርቅ ብረቱን አንሱ። እንደ ኳስ የተንጠለጠለ ሶልደር አልያዘም ማለት ነው።

ይህ ጎን ለጎን የመግጠም ዘዴ ከሌላው ሁሉ በላይ ፔዳል የሚያተርፍ ነው። ጀማሪ ቦርድ የሚያበላሸው ሲበይድ አይደለም፣ ሲነቅል ነው። አንድ ካፓሲተር ለማውጣት ስታገል የመዳቡን ቀለበት ከቦርዱ ልጬ ቀሪውን ሌሊት ሽቦ ስዘረጋ አድሬያለሁ። ሳይነቅሉ መጨመር ከተቻለ አትንቀሉ። ካልወደዳችሁት ደግሞ የጨመራችሁትን ብቻ አንስታችሁ ፔዳሉ ወደ ነበረበት ይመለሳል።

ባትሪውን መልሳችሁ ሞክሩት፤ ቅዱትም። ከዚህ አልፋችሁ መሄድ ላያስፈልጋችሁ ይችላል።

ትንሹን ድራይቭ ማሳነስ

ታችኛውን ድምፅ ስንጨምር አንድ ነገር ይከተላል፦ ፔዳሉ ድራይቩ ዜሮ ላይ ሆኖም ያጉረመርማል። የቤዝ ፒክአፕ (የክሩን መርገብገብ ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው) ጉልበተኛ ነው፣ በተለይ ባትሪ ያለው አክቲቭ ቤዝ ከሆነ። 12 እጥፍ ለእሱ መነሻ ሳይሆን መድረሻ ነው።

ከድራይቭ ፖቱ ጋር ተከታትሎ የተገጠመ ባለ 51 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አለ። በእግሮቹ ላይ፣ ያው ከሥር፣ ባለ 12 ኪሎ ኦም ጎን ለጎን ግጠሙበት። ሬዚስተር ጎን ለጎን ሲሆን አይደመርም፣ ያንሳል፤ ውጤቱ 9.7 ኪሎ ኦም ነው። ትንሹ ማጉላት ከ12 ወደ 3 እጥፍ ይወርዳል፤ ትልቁ ብዙም አይነካም። የማዞሪያው የመጀመሪያ ግማሽ አሁን ጥቅም ላይ ዋለ ማለት ነው፤ ጠንከር ስትመቱ ብቻ የሚቧጭር፣ ለስለስ ስትሉ የሚጠራ ድምፅ የሚገኘው እዚህ ነው። ሰዎች ስለዚህ ለውጥ ብዙ ሲያወሩ አልሰማም፤ ለእኔ ግን ከካፓሲተሩ ቀጥሎ ትልቁ ነው።

የላይኛውን ጩኸት ማለዘብ

የቤዝ ካቢኔታችሁ ትዊተር (ለቀጭን ድምፅ የተሠራ ትንሽ ስፒከር) ካለው ድራይቭ ሲበዛ የሚሰማውን ዝንብ የሚመስል ጩኸት ታውቁታላችሁ። ዳዮዶቹ አጠገብ፣ ከእነሱ ጋር ጎን ለጎን፣ ባለ 51 ፒኮ ፋራድ ትንሽ ካፓሲተር አለች። ሌላ 51 ጨምሩባት። ድራይቩ እስከ መጨረሻው ሲዞር ማለዘቡ ቀድሞ ከ5.6 ኪሎ ሄርዝ ነበር የሚጀምረው፤ አሁን ከ3 ኪሎ ሄርዝ አካባቢ ይጀምራል። ድራይቩ ዝቅ ሲል ውጤቱ አይሰማም፣ መሆንም ያለበት እንደዚያ ነው። የፔዳሉ ድምፅ ሁልጊዜ የታፈነ የሚሆንባችሁ ከሆነ ይህን ደረጃ እለፉት።

ዳዮዶች

ዳዮድ መቀየር በጣም የሚወራለት ለውጥ ነው፤ ከሚወራለት ግን ያነሰ ይሰጣል። የሚለወጠው የመቁረጫው ከፍታ ነው። ተራው ሲሊከን 0.6 ቮልት አካባቢ ላይ ይቆርጣል፣ ጀርማኒየም ከዚያ ዝቅ ብሎ 0.3፣ ቀይ ኤልኢዲ ደግሞ 1.7 ቮልት አካባቢ። ለቤዝ ከፍ ያለው ይሻላል። ሞገዱ ሳይቆረጥ የሚንቀሳቀስበት ቦታ ስለሚያገኝ የጣት ምት ይሰማል፣ የፔዳሉም ጉልበት ይጨምራል። ጀርማኒየሙን ለቤዝ አልመክርም፤ ቶሎ ይጨመቅና ሕይወት ያጣል።

እዚህ ላይ መጨመር አይሠራም፣ መንቀል ግድ ነው፤ ዝቅ ብሎ የሚቆርጠው ነባር ዳዮድ እያለ ኤልኢዲው ተራ አያገኝም። አንዱን ነባር ዳዮድ አውጥታችሁ በቦታው ቀይ ኤልኢዲ አስገቡ። ሌላኛውን አውጥታችሁ ሁለት 1ኤን4148 ተከታትለው ይግቡበት። ሁለቱ አንድ ላይ 1.2 ቮልት ይሆናሉ። ሁለቱ ወገኖች እኩል ስላልሆኑ የሞገዱ ላይና ታች በተለያየ ቦታ ይቆረጣል፤ ይህም ሞቅ ያለ፣ ብዙ የማይሻክር ድምፅ ያመጣል። ቦስ ኤስዲ-1 በአንድ ወገን ሁለት፣ በሌላው አንድ ዳዮድ የሚጠቀመው ለዚሁ ነው። አቅጣጫቸውን ጠብቁ፦ የአንደኛው ወገን ቀለበት ወደ ግራ ከሆነ የሌላው ወደ ቀኝ ይሁን። ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ከዞሩ ግማሹ ሞገድ ብቻ ይቆረጥና ድምፁ ይንኮታኮታል። የኤልኢዲው ረጅም እግር ዳዮዱ ላይ ቀለበት የሌለበት ጫፍ ማለት ነው።

ድራይቩ ከፍ ብሎ ስትጫወቱ ኤልኢዲው ቦርዱ ውስጥ ብልጭ ድርግም ይላል። ክዳኑ ሲዘጋ ማንም አያየውም፣ ቢሆንም ደስ ይላል።

ብሌንድ፦ ክሊኑን ከድራይቩ ጋር ማዋሐድ

እስካሁን የሠራነው ድራይቩን ማሻሻል ነው። አሁን የመጀመሪያውን ሐሳብ፣ ታቹ ንጹሕ መሃሉ የተቧጨረ ያልነውን፣ በእጅ የሚዞር እናደርገዋለን። ይህ ደረጃ ከሌሎቹ ሁሉ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል፤ ቦርዱን በደንብ ያወቃችሁበት ቀን ጀምሩት።

የሚያስፈልገው ክሊኑን (ያልተሻከረውን ንጹሕ ድምፅ) ከአንድ ጫፍ፣ ድራይቩን ከሌላ ጫፍ የሚቀበልና መሃሉ ላይ የሚያዋሕድ ፖት ነው። ሦስት ነጥብ ፈልጉ።

የመጀመሪያው የክሊኑ ምንጭ ነው። ከመግቢያ ጃኩ በቀጥታ አትውሰዱ፤ ፒክአፑ ይጫንና ላይኛው ድምፅ ይደክማል። ከመግቢያው ቀጥሎ ያለውን ትራንዚስተር አግኙ። ሥራው ሳያጎላ ጉልበት መስጠት ብቻ ነው። ከኤሚተሩ (ድምፁ ከሚወጣበት የትራንዚስተሩ እግር) ወደ ኦፕ አምፑ የሚወስድ ባለ 1 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር አለ፤ ከትራንዚስተሩ በኩል ያለው የካፓሲተሩ እግር የክሊናችሁ ምንጭ ነው። እዚያ ላይ አዲሱን ባለ 1 ማይክሮ ፋራድ ፊልም ካፓሲተር በይዱና በሌላ እግሩ ሽቦ አውጡ። ካፓሲተሩን ለማስቀረት እንዳትሞክሩ፤ ኤሚተሩ ላይ የቆመ ቮልት ስላለ ፖቱ በዞረ ቁጥር ይንኮሻኮሻል።

ሁለተኛው የድራይቩ ምንጭ ነው፤ የሌቭል ፖቱ መካከለኛ እግር። ሦስተኛው ደግሞ ያ እግር አሁን የሚሄድበት ቦታ፣ ማለትም ከመውጫው ትራንዚስተር በፊት ያለው ካፓሲተር ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን መገናኛ ቁረጡ። ሽቦ ከሆነ ንቀሉት፤ የቦርድ መዳብ ከሆነ በስለት ፋቁትና በቴስተር መቋረጡን አረጋግጡ።

አዲሱን ፖት ዘንጉ ወደ እናንተ፣ እግሮቹ ወደ ታች ሆነው ያዙት። የግራው እግር ክሊኑን ይቀበላል፣ የቀኙ ከሌቭሉ የመጣውን፣ መካከለኛው ወደ መውጫው ካፓሲተር ይሄዳል። እስከ ግራ ሲዞር ንጹሕ ቤዝ፣ እስከ ቀኝ ሲዞር ሙሉ ድራይቭ ይሆናል። የዚህ አገጣጠም ጥሩ ጎን ሌቭሉ የድራይቩን ጉልበት ብቻ መቆጣጠሩ ነው፤ ክሊኑ ባለበት ይቆያል። ስለዚህ መጀመሪያ በሌቭሉ ሁለቱን እኩል አድርጉ፣ ከዚያ በብሌንዱ ቀምሙ።

ሳጥኑን ለመብሳት ቦርዱን ሙሉ በሙሉ አውጡ። ከትራፓኖው የሚረግፈው የአሉሚኒየም ብናኝ ቦርድ ላይ ከቀረ ዛሬ ባይሆን ነገ ያገናኛል። ሳትበሱ በፊት ፖቱን ባሰባችሁት ቦታ ከውስጥ አስጠግታችሁ ባትሪውና ጃኮቹ እንደማይነኩት እዩ። በ3 ሚሊ ሜትር ጀምራችሁ ወደ 7 ሚሊ ሜትር አስፉት፤ የፖታችሁ አንገት ከዚያ ከሰፋ ለክታችሁ ጨምሩ።

አሁን ወሳኙ ሙከራ። ብሌንዱን መሃል ላይ አድርጋችሁ ዝቅተኛውን ክር ምቱ። ታችኛው ድምፅ ከሁለቱም ጫፎች ይልቅ መሃሉ ላይ የሚሳሳ ከሆነ ክሊኑና ድራይቩ ተቃራኒ ሆነው እየተጠፋፉ ነው፤ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል። በዚህ የሰርኪት ቤተሰብ ውስጥ ሁሉም ደረጃዎች የሞገዱን አቅጣጫ ሳይገለብጡ ስለሚያሳልፉ ይህ አይገጥማችሁም። የእናንተ ፔዳል የተለየ ቶን ሰርኪት ካለው ግን ሊገጥም ይችላል። ያኔ ክሊኑን የሚገለብጥ አንድ ተጨማሪ ኦፕ አምፕ ካልተሠራለት ብሌንዱ አይረባም።

ሲሠራ ግን ሌላ መሣሪያ የያዛችሁ ይመስላችኋል። እኔ የማስቀምጠው ከመሃል ወደ ድራይቩ ትንሽ ጠጋ አድርጌ ነው። ክሊኑ በቶን ማዞሪያው ውስጥ ስለማያልፍ የጣት ምቱንም ይዞ ይመጣል፤ ስለዚህ ቶኑን ከለመዳችሁት ዝቅ ልታደርጉት ትችላላችሁ።

ጊዜ ሊባከንባቸው የማይገቡ ለውጦች

የመግቢያውን ካፓሲተር ማሳደግ የተለመደ ምክር ነው። 20 ናኖ ፋራዱ ከ510 ኪሎ ኦም ጋር ድንበሩ 15.6 ሄርዝ ነው፤ ባለ 4 ክር ቤዝ 41 ላይ ነው የሚጀምረው። ባለ 5 ክር ካላችሁ 47 ናኖ ፋራድ ጎን ለጎን ጨምሩ፣ አለበለዚያ ተዉት።

አይሲ መቀየርም እንዲሁ ነው። 4558ን በቲኤል072 ወይም በኤንኢ5532 መተካት ይቻላል፣ እግሮቻቸው አንድ ዓይነት ናቸው። ልዩነቱን ዓይኔን ጨፍኜ ልለየው አልቻልኩም። 5532 ባትሪ ቶሎ ይጨርሳል። ከቀየራችሁ ሶኬት ተጠቀሙ፣ ነጥቧንም ሁለት ጊዜ እዩ። አንዱን ገልብጬ አስገብቼ ጣቴን ያቃጠለኝን ያህል ሲግል ነው የነቃሁት፤ አይሲው አልተረፈም።

በ18 ቮልት ማሠራት የሚለውን ደግሞ የኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተሮቹን የቮልት ጽሑፍ ሳታነቡ አትሞክሩት። 16 ቮልት የሚል አንድ ካለ ሊያብጥ ይችላል።

ካልሠራ

ድምፅ ጨርሶ ከሌለ ቴስተሩን ዲሲ ቮልት ላይ አድርጉ፣ ጥቁሩን ጫፍ መሬት ላይ። የአይሲው 8ኛ እግር 9 ቮልት አካባቢ፣ 4ኛው ዜሮ፣ 1ኛውና 7ኛው ደግሞ 4.5 አካባቢ ማሳየት አለባቸው። 8ኛው ዜሮ ከሆነ ኃይሉ አልደረሰም፤ ከባትሪው ጀምራችሁ ተከተሉ። 1 ወይም 7 ወደ 9 ወይም ወደ ዜሮ ተጠግቶ ከቆመ በዚያ ማጉያ ዙሪያ የተላቀቀ ነገር አለ፣ ወይም አይሲው ሞቷል። ቮልቱ ሁሉ ልክ ሆኖ ድምፅ ከጠፋ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የተቆረጠው የብሌንድ መስመር ወይም ያልያዘ ሶልደር ነው። የነካችሁትን ነጥብ ሁሉ እንደገና አሙቁት።

ድራይቩ ከፍ ሲል የሚያፏጭ ከሆነ የክሊኑ ሽቦ ከመውጫው ወይም ከድራይቭ ፖቱ ሽቦ ጋር ተጎራብቷል። አሳጥሩት፣ አርቁት፤ አሁንም ካፏጨ ሽፋን ያለው ሽቦ ተጠቅማችሁ ሽፋኑን በአንድ ጫፍ ብቻ መሬት ላይ በይዱ።

ክዳኑን ከመግጠማችሁ በፊት ከሥር የጨመራችኋቸውን ዕቃዎች እግር አሳጥራችሁ ቁረጡ፤ ሳጥኑ ብረት ስለሆነ በቦርዱና በእሱ መካከል ናስትሮ ወይም ወፍራም ፕላስቲክ አንጥፉ። አራቱን ብሎኖች አጥብቁና እንደገና ምቱት። ክዳኑ ክፍት ሆኖ ሲሠራ የነበረው ሲገጠም ዝም ካለ አንዱ እግር ክዳኑን ነክቷል፤ ከፍታችሁ ክዳኑ ላይ አዲስ ጭረት የት እንዳለ ተመልከቱ።